ታፔላው ጋ ይጠብቁኝ

አዲስ አበባ ውስጥ አድራሻ ይጻፋል እንጂ አይነገርም። ክፍለ ከተማው፣ ወረዳው፣ የቤት ቁጥሩ መታወቂያችን ላይ ተደርድሯል። እኔ የየካ ሰው ነኝ፤ ይህንንም በማኅተም ማረጋገጥ እችላለሁ። ግን በቤት ቁጥር ተመርቶ ቤቴ የደረሰ እንግዳ እስከ ዛሬ የለም። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ «የት ደረስክ?» ይባላል፤ ቀጥሎ «ምን ይታይሃል?» ይመጣል። ከዚያ በኋላ ስልኩ በሁለቱም ጫፍ ጩኸት ይሆናል።

«ባንክ ይታየኛል።»

«የቱ ባንክ?»

«አራት ናቸው።»

ከመገናኛ እስከ ኮተቤ ባለው መንገድ ላይ ቆሞ ባንክ ይታየኛል ማለት ምንም አይታየኝም ማለት ነው። ፋርማሲም አይረዳም፤ ካፌማ ጭራሽ። የሜትር ታክሲ ሹፌሮች ካርታው ስልካቸው ላይ ቀስቱን እያሳየ እንኳን ደውለው ይጠይቃሉ፦ «ጋሼ፣ ካርታው ደርሰሃል እያለኝ ነው፤ ለመሆኑ አጠገቡ ምን የሚል ታፔላ አለ?» ሳተላይት ከሰማይ ያየውን ነገር የሠፈሩ ታፔላ ካልመሰከረለት አያምኑም። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን አላምንም።

የታፔላን ኃይል ያወቅነው እኛ ብቻ ነን ብዬ አስብ ነበር፤ ግን ቦስተን የምትባለው የአሜሪካ ከተማ ከእኛ የባሰች ናት። ኬንሞር አደባባይ ላይ ከአንድ ሕንፃ አናት የተተከለ የሲትጎ ነዳጅ ኩባንያ ማስታወቂያ አለ። ወርዱም ቁመቱም 18 ሜትር ገደማ ነው፤ ነጭ መደብ ላይ ቀይ ሦስት ማዕዘን፣ ማታ ማታ የሚበራ። አሁን ያለው የቆመው በ1965 እ.ኤ.አ. ነው። በ1979 ነዳጅ ሲወደድ ኃይል ለመቆጠብ ተብሎ ጠፋ። የነዳጅ ማስታወቂያ በነዳጅ ውድነት ሲጠፋ እስቲ አስቡት! በ1983 ጨርሶ ሊነቀል ሠራተኞች ሲመጡ የከተማው ሰው «አይነካም!» ብሎ ተነሣ። ማስታወቂያው ተረፈ፤ ተጠግኖም መልሶ በራ። ሰው ለማስታወቂያ ጥብቅና ሲቆም እኔ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

ነገሩ እኛንም ይመለከታል። በቦስተን ማራቶን የሚሮጥ ሰው ያንን ቀይ ሦስት ማዕዘን ሲያልፍ የቀረው አንድ ማይል ገደማ ነው። ፋጡማ ሮባ ከ1997 እስከ 1999 እ.ኤ.አ. በተከታታይ ሦስት ጊዜ ስታሸንፍ በሥሩ አልፋለች። ሌሊሳ ዴሲሳ በ2013 እና በ2015 እ.ኤ.አ.፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለሚ ብርሃኑና አፀደ ባይሳ በወንድም በሴትም ሲያሸንፉ እንዲሁ። እዚህ ከእኛ በላይ፣ እንጦጦ ጫካ ውስጥ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ ብርዱን እየሰነጠቁ የሚለማመዱት ልጆች አንድ ቀን የሚናፍቁት መብራት የቦስተን የነዳጅ ማስታወቂያ ነው ማለት ነው። ለእኔ ይህ ከብዙ የስፖርት ዜና ይበልጥብኛል።

እኛስ የነዳጅ ታፔላችንን ምን አደረግነው? ሞቢል ከአገር ሲወጣ ማደያዎቹ ወደ ኦይል ሊቢያ ዞሩ። ሼልም ተከተለ። ቆይቶ ኦይል ሊቢያ ራሱ ስሙን ቀይሮ ኦላ ኢነርጂ ሆነ። ታፔላው ወርዶ ሌላ ወጣ፤ እሱም ወርዶ ሌላ ወጣ፤ ቀለሙ ተቀየረ፤ አምፖሉ ተቀየረ። ሰውዬው ግን ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብሎ «ሞቢል ጋ ወራጅ አለ» ይላል። ታክሲውም ይቆማል። ሞቢል የሚባል ነገር በዓይኑ አይቶ የማያውቅ የሃያ ዓመት ረዳት በሩን ይከፍታል። የቦስተን ሰው ታፔላው እንዳይወርድ ተሟገተ፤ የእኛ ሰው ታፔላው ቢወርድም ባይወርድም ግድ የለውም።

ሆሊውድንም ታውቁታላችሁ፤ ተራራው ላይ የቆሙትን ነጫጭ ፊደሎች። እነሱም መጀመሪያ የቤት ሽያጭ ማስታወቂያ ነበሩ። በ1923 እ.ኤ.አ. «ሆሊውድላንድ» የሚባል የመኖሪያ መንደር ቦታ ለመሸጥ ተተከሉ፤ ወደ 4,000 አምፖል ተገጥሞላቸው ማታ ማታ መጀመሪያ «ሆሊ»፣ ከዚያ «ውድ»፣ ከዚያ «ላንድ» እያሉ ይበሩ ነበር። ለዓመት ከምናምን ብቻ ታስበው የነበሩት ፊደሎች እዚያው ቀሩ። በ1949 «ላንድ» የሚለው ተነቅሎ የቀረው ዓለም የሚያውቀው ሆነ። የሪል እስቴት ማስታወቂያ የከተማ ምልክት ሆኖ መቅረቱ ገርሟችሁ ከሆነ፣ እባካችሁ ከመገናኛ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈሩ። አያት የሪል እስቴት ኩባንያ ስም ነው፤ ተራራ ላይ አምፖል ሳይሰቅል ሠፈር ሆኗል። ሲኤምሲ ደግሞ ራቬና በምትባል የጣሊያን ከተማ በ1901 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ የግንበኞችና የሲሚንቶ ሠራተኞች ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። እዚህ መጥቶ ሠራ፤ ሄደ። ዛሬ አንድ ጎረምሳ ደረቱን ነፍቶ «እኔ የሲኤምሲ ልጅ ነኝ» ሲል የራቬና ግንበኞች ልጅ ነኝ ማለቱ መሆኑን የሚነግረው የለም። ቢነግሩትም ኪራዩ አይቀንስለትም።

ሃያ ሁለት የአውቶቡስ ቁጥር ነበር። ለም ሆቴል ሆቴል ነው። ባምቢስ ሱፐርማርኬት ነው። መንግሥት በ2008 ዓ.ም. ቀላል ባቡሩን ሥራ ሲያስጀምር እነዚህን ስሞች ሁሉ እንዳሉ ወስዶ ጣቢያ አደረጋቸው። ከአያት ተነሥቶ በሲኤምሲ፣ በለም ሆቴል፣ በሃያ ሁለት፣ በባምቢስ አልፎ የሚሄድ ባቡር ማለት፣ አንድ ሪል እስቴት፣ አንድ የጣሊያን ሥራ ተቋራጭ፣ አንድ ሆቴል፣ አንድ የአውቶቡስ ቁጥርና አንድ የግሮሰሪ ዕቃ መሸጫ አንድ ሐዲድ ላይ ተሰለፉ ማለት ነው። ለማስታወቂያ አንድ ብር የከፈለ ያለ አይመስለኝም።

ለማስታወቂያ የሚከፍሉትማ አሉ። ወደ እነሱ ልምጣ።

መገናኛ ላይ ማታ ቆማችሁ ቀና ብትሉ ትልልቅ ስክሪኖች ታያላችሁ። ብርሃናቸው ከሥራቸው የሚያልፈውን ሰው ፊት አንዴ ሰማያዊ፣ አንዴ ብርቱካናማ ያደርገዋል። ጀበና ቡና የምታፈላው ልጅ ስኒዎቿን የምታጥበው በእነሱ ብርሃን ነው፤ ስክሪኑ ወደ ጨለማ ሥዕል ሲዞር እጇን አቁማ ትጠብቃለች፣ ነጭ ሲሆን ትቀጥላለች። ሊስትሮውም ጫማ ጥቁር ይሁን ቡኒ የሚለየው እንደዚያው ነው። በትልቅነት ከሆነ፣ በብርሃን ከሆነ፣ የመገናኛ ምልክት መሆን የነበረባቸው እነዚህ ነበሩ። ለምን እንዳልሆኑ የገባኝ አክስቴ ከደብረ ብርሃን የመጡ ዕለት ነው።

ላምበረት መናኸሪያ ወረዱ። እኔ እስክደርስ መሸ፤ እሳቸው ደግሞ አንድ ደግ ሰው ታክሲ ውስጥ አስገብቷቸው መገናኛ ደርሰዋል። ደወልኩ።

«እቴቴ፣ ከፊትዎ ትልቅ የሚያበራ ሥዕል ይታይዎታል?»

«ይታየኛል ልጄ፣ ዓይኔን አጠፋው እንጂ።»

«ምን አለበት?»

«አንዲት ልጅ ፓስታ ትበላለች።»

«በቃ እሷ ሥር ይቁሙ፤ ንቅንቅ እንዳይሉ። መጣሁ።»

ስደርስ ልጅቷም የለች፣ አክስቴም የሉ። ስክሪኑ ላይ ከረባት ያሰሩ ሰዎች የአፓርታማ ቁልፍ ይረካከባሉ። ደግሜ ደወልኩ።

«እቴቴ፣ የት ሄዱ?»

«እኔ የት እሄዳለሁ? ልጅቷ ናት እንጂ የሄደችው! ፓስታዋን እንኳ ሳትጨርስ ተነሥታ ጠፋች። ኋላ ዞር ብል ማዶ ተሻግራ እየበላች አየኋት፤ ተከትያት መጣሁ። አሁን ከሥሯ ቆሜያለሁ፤ ቶሎ ና፣ ደግሞ እንዳትሄድብኝ።»

ከአደባባዩ ወዲያ ማዶ ሌላ ስክሪን ነበር። በመኪና መሐል እየተሹለኮለኩ ያንን ሁሉ መንገድ መሻገራቸውን ሳስብ አሁንም ይዘገንነኛል። አገኘኋቸው፤ ነጠላቸውን አጥብቀው፣ ፌስታላቸውን ታቅፈው፣ አንገታቸውን ወደ ሰማይ ሰቅለው ልጅቷን ይጠብቃሉ። ሰላም ሳይሉኝ፣ «ልጄ፣ ምልክት ያልከኝ ይኼን ነው?» አሉኝ። «ምልክት እኮ አንድ ቦታ ይቆማል። ይኼ ከእኔም በላይ መንገደኛ ነው።»

ከዚህ የበለጠ ስለ ዲጂታል ማስታወቂያ የተጻፈ ነገር አላነበብኩም።

ቆርቆሮው ታፔላ ሌላው ቢቀር ይቆም ነበር። በተለይ የቢራ ታፔላ። ድሮ የግሮሰሪው ባለቤት ታፔላ የሚያሠራለት ቢራ ፋብሪካው ነበርና፣ የፋብሪካው አርማ ከሩቅ ይነበባል፤ የግሮሰሪው ስም ግን ከሥር ጥግ ላይ ተጨቁኖ ባለቤቱ ራሱ በመነጽር የሚፈልገው ነበር። ውስጡ አምፖል ያለበት የፕላስቲክ ሣጥን ዓይነት ከሆነ ደግሞ ማታ የመንገድ መብራት ሥራ ይሠራል፤ የሠፈሩ የመንገድ መብራት ከተቃጠለ የቆየ ስለሆነ። በ2011 የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥን በቢልቦርድ ማስተዋወቅ ከለከለ። በጤና ረገድ የሚከራከር ሊኖር ይችላል፤ እኔ የምናገረው ስለ መንገድ ነው። ትልልቆቹ የቢራ ሰሌዳዎች ሲወርዱ ግማሹ ከተማ መታጠፊያውን አጣ። አላጣም! ወዲያው «የቢራው ማስታወቂያ የነበረበት ጋ ታጠፍ» ተባለ። ሰሌዳው የነበረበት ብረት ብቻውን ቆሞ፣ ሕጉ የከለከለው ማስታወቂያ በሰው አፍ ቀጠለ። የአዋጁ አርቃቂዎች ለዚህ አንቀጽ አላዘጋጁለትም።

የመብራት መሄድንም ሳላነሣ ባልፍ የሠፈሬ ሰዎች ይታዘቡኛል። መብራት ሲሄድ ሠፈሩ በአንድ ጊዜ ድቅድቅ ይላል፤ ከዚያ ጀነሬተሮች እዚህም እዚያም ማጓራት ይጀምራሉ። ልብ ብላችሁ ከሆነ ጀነሬተሩ መጀመሪያ የሚያበራው ታፔላውን ነው። አንድ ምሽት ታፔላው ቦግ ብሎ የሚያበራ ምግብ ቤት ገባሁ፤ ውስጡ ጨለማ ነው። አስተናጋጁ በስልኩ መብራት እየመራ አስቀመጠኝ። «መብራት የለም እንዴ?» ብለው «አለ» አለኝ፣ ወደ ውጭ እያመለከተ።

የእኛን ከተማ እውነተኛ ትልቅ የሚያበራ ማስታወቂያ ለማየት ግን ወደ ላይ መውጣት ያስፈልጋል። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ነው መንገዱ። ለጋሲዮኑ ኤምባሲ ከሆነ ዘመን አልፏል፤ ሠፈሩ ግን አልሰማም። በ2013 መጀመሪያ የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ ሰው ሁሉ ወደ ላይ ይወጣል፤ ወጥቶም መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ወደ ታች ማየት ነው። የባሕር ዛፉ ሽታ፣ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች፣ ብርዱ ሁሉ ይረሳል። ጣት ይቀሰራል፦ «ያውና ንግድ ባንክ!»

ሰንጋ ተራ ላይ የቆመው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት 209 ሜትር ነው፤ ፎቁ 53። በየካቲት 2014 ሲመረቅ ለሠራተኞቹ ቢሮ ነው ተብሎ ነበር፤ ከእንጦጦ ሲታይ ግን ማታ ማታ የሚበራ አንድ ግዙፍ ታፔላ ነው። አይንቀሳቀስም፤ ፓስታ አይበላም፤ ማዶ አይሻገርም። አክስቴ ቢያዩት ይወዱት ነበር። ከላይ የቆመው ሰው ሁሉ ከእሱ ተነሥቶ ከተማውን ይዘረጋል፦ ከእሱ ወደ ግራ ቦሌ፣ ከዚያም ወደ ግራ የእኛ ወገን፤ ወደ ቀኝ መርካቶ። ከዚያ ክርክር ይነሣል። ባል «የእኛ ቤት ያችኛዋ መብራት ናት» ይላል፤ ሚስት «መብራት አጥፍቼ ነው የወጣሁት» ትላለች።

ምኒልክ ከዚህ ተራራ ወደ ፍል ውሃ ከወረዱ በኋላ፣ በ1898 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀነሬተር መጥቶላቸው ቤተ መንግሥታቸው በኤሌክትሪክ በራ። ያኔ ማታ እንጦጦ ማርያም ደጅ ቆሞ ወደ ታች ያየ ሰው ጣቱን የሚቀስርበት አላጣም ማለት ነው። «ያውና ቤተ መንግሥት!» ከማለት በቀር «ከእሱ ወደ ግራ ምን አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን አይኖርም፤ የቀረው ሁሉ ኩራዝ ነዋ።

ከሁሉ የሚታዘንላቸው ግን እዚያው እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጡት የጠፈር ተመራማሪዎች ናቸው። ስፋቱ አንድ አንድ ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሏቸው። ቴሌስኮፕ የሚፈልገው ጨለማ ነው። ታች ያለው ከተማ ደግሞ በየቀኑ አምፖል ይጨምራል፤ የከተማው ብርሃን ወደ ሰማይ እየተመለሰ ኮከቦቹን ያደበዝዛል። እኛ ከተራራው ወደ ታች እያየን «እንዴት ያምራል!» ስንል እነሱ ወደ ላይ እያዩ ምን እንደሚሉ መገመት አይከብድም። የቢሊዮን ዓመት ብርሃን እዚህ ድረስ ተጉዞ መጥቶ፣ መጨረሻ ላይ በስክሪን ላይ ባለች ፓስታ በምትበላ ልጅ መሸነፍ! መብራት ሲሄድ በከተማው ውስጥ ደስ የሚላቸው ሰዎች ካሉ እነሱ ናቸው፤ ይህን እንኳን አፍ አውጥተው ሊናገሩት አይችሉም።

በ2016 የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ከአራት ኪሎ በእንግሊዝ ኤምባሲ አድርጎ መገናኛ የሚደርሰው መንገድም ተቆፈረ። የመንገድ ዳር ቆርቆሮ፣ ላስቲክ፣ በእጅ የተጻፈ ታፔላ ሁሉ ተነሣ። የእግረኛ መንገዱ ሰፋ፤ ሕንፃዎቹ ማታ በመብራት ተሸለሙ። ለዓይን ደስ ይላል፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ብቻ ለጥቂት ወራት የሠፈሩ ሰው እርስ በርሱ ሲመራራ የሚናገረው ሁሉ በኃላፊ ጊዜ ሆነ፦ «ሥጋ ቤቱ የነበረበት»፣ «ጎሚስታው የነበረበት»፣ «ያ ቢጫ ታፔላ የነበረበት»። አዲስ መጤ ተከራይ ከሆናችሁ የጠፋውን ከተማ ሳታጠኑ ያለውን ማግኘት አትችሉም።

በቀደም መገናኛ ላይ የኮተቤ ካራ ታክሲ ተሳፍሬ፣ ጎኔ የቆመውን ረዳት ጠየቅሁት። ልጅ ነው፤ ድምፁ ገና አልጎረነነም፣ ጣቶቹ መሐል ብሮቹን በየዓይነታቸው አጣጥፎ ሰክቷል። ከአናታችን ላይ ስክሪኑ እያበራ ነው።

«እኔ እምልህ፣ ይኼን ሁሉ ጊዜ ቶታል፣ ሞቢል፣ ለም ሆቴል እያላችሁ ትጣራላችሁ። ይኼን የሚያክል መብራት እዚህ ተሰቅሎ እያለ ‹ስክሪኑ ጋ› ብሎ የሚጣራ እንዴት ጠፋ?»

ቀና ብሎ አየው። አንድ መኪና፣ አንድ ሳሙና፣ አንድ ባንክ ተፈራርቀው አለፉ።

«ጋሼ» አለኝ፣ «እዚያ ጋ ወራጅ የለማ።» ከዚያ በሩን ዘጋና እጁን ዘረጋ። «ሒሳብ ከኋላ!»